ፍራንሲስ ቤከን የግሪኮቹን ደም መላሾች እንዴት ሣላቸው?

የለንደኑ ቴት ሙዚየም ከያዛቸው ሥዕሎች መካከል ጎን ለጎን የሚሰቀሉ ሦስት ብርቱካናማ ሰሌዳዎች አሉ። የእያንዳንዳቸው ቁመት 94፣ ወርዳቸው ደግሞ 74 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። በግራው ሰሌዳ ላይ ትከሻዋ የጎበጠ፣ አንገቷን ወደ ጎን የቀለሰች ሴት መሳይ ፍጡር ተኮራምታለች። በመካከለኛው የሰጎን የሚመስል ገላ ያለው፣ ዓይኑ በጨርቅ የታሰረ ነገር ጥርሱን አግጥጦ ወደ ተመልካቹ ዞሯል። በቀኙ ላይ ያለው አንገቱን አስግጎ፣ አፉን በርግዶ ይጮኻል። ርዕሱ «ከስቅለት ሥር ላሉ አካላት ሦስት ጥናቶች» ይላል፤ መስቀል ግን የትም አይታይም።

ሥዕሉን በ1944 የሠራው ፍራንሲስ ቤከን ነው (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በዚህ ስም የሚታወቀው የ17ኛው ክፍለ ዘመን ፈላስፋ ሌላ ሰው ነው። ሠዓሊው በ1909 ከእንግሊዛውያን ወላጆች ደብሊን ተወልዶ በ1992 ማድሪድ ላይ አረፈ። ሥዕል ትምህርት ቤት አልገባም፤ ራሱን በራሱ ነው ያስተማረው። ሠዓሊ ከመባሉ በፊትም የቤት ዕቃና ምንጣፍ ይነድፍ ነበር።

ሦስቱ ሰሌዳዎች ለመጀመሪያ ጊዜ በለንደኑ ሌፌቭር ጋለሪ የታዩት በሚያዝያ 1945 ነው። የናዚ የሞት ካምፖች ፎቶግራፎች በየጋዜጣው መውጣት የጀመሩበት ወር ስለነበር፣ ሕዝቡ ፍጡራኑን የጦርነቱ ልጆች አድርጎ ቢያያቸው አያስገርምም። ዛሬም ብዙ መመሪያዎች የሚያቀርቧቸው እንደዚያው ነው። ቤከን ግን በ1959 ለሙዚየሙ ሲጽፍ ሥራውን ከዩሜኒደስ ጋር አያይዞታል፤ እነሱም በጥንታዊው የግሪክ አፈ ታሪክ የሰው ደም የሚከታተሉት ደም መላሾች ናቸው። እነዚህ ፍጡራን እየቆዩም ቢሆን እስከ ዕድሜው መጨረሻ ድረስ ወደ ሸራው ይመለሱ ነበር። ስለዚህ ቤከንን ለመረዳት ሁለት ነገር ማወቅ ያስፈልጋል፦ ታሪኩንና ሸራውን። ታሪኩን ብቻ የያዘ ሰው ሥዕሉን እንደ እንቆቅልሽ ሲፈታ ይውላል። የቀለሙን ሥራ ብቻ የሚያይ ደግሞ በአንዱ ሥዕሉ ላይ ከበር ሥር የሚፈሰው ደም ከየት እንደመጣ አይገባውም።

ታሪኩ

ኤስኪለስ የተባለው የአቴናው ተውኔት ጸሐፊ በ458 ዓመተ ዓለም፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት፣ ሦስት የተያያዙ ተውኔቶች አቀረበ። በአንድነት ኦሬስቴያ ይባላሉ። ንጉሥ አጋሜምኖን ወደ ትሮይ ሊዘምት ሲል ነፋስ ይጠፋና መርከቦቹ ከወደብ መንቀሳቀስ ያቅታቸዋል፤ ነፋስ ለማግኘት የገዛ ልጁን ኢፊጌኒያን ይሠዋል። ከአሥር ዓመት ጦርነት በኋላ ድል አድርጎ ሲመለስ ሚስቱ ክሊቴምኔስትራ ከሠረገላው እስከ ቤቱ ደጃፍ ቀይ ግምጃ አንጥፋ ትቀበለዋለች። ግምጃውን ረግጦ ይገባል። ገላውን ሲታጠብ እንደ መረብ ባለ ልብስ ጠፍራ ትገድለዋለች።

ልጃቸው ኦሬስቴስ በአምላኩ በአፖሎ ትእዛዝ የአባቱን ደም ሊመልስ እናቱን ይገድላል። ነገሩ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው፤ አሁን የእናቱን ደም ማን ይመልስ? ኤሪኒሶች የሚነሡት ለዚህ ነው። ከምድር በታች የሚኖሩ ጥንታውያን ሴት አማልክት ሲሆኑ፣ የሥጋ ዘመዱን ደም ያፈሰሰውን ሰው እንደ አዳኝ ውሻ ሽታውን እያነፈነፉ ይከተሉታል። በሦስተኛው ተውኔት ኦሬስቴስ አቴና ከተማ ገብቶ ይዳኛል፤ የዳኞቹ ድምፅ እኩል ለእኩል ይሆንና አምላኳ አቴና ነጻ ታወጣዋለች። ኤሪኒሶቹ ይቆጣሉ፤ አቴናም አባብላ ከከተማዋ ሥር መኖሪያና ክብር ትሰጣቸዋለች። ዩሜኒደስ፣ ማለትም ደጎቹ፣ የሚለው ስያሜ የመጣው ከዚሁ ነው።

ቤከን ግሪክኛ አያነብም ነበር። ወደ ኤስኪለስ የገባው በሁለት በር ነው። አንደኛው በ1939 ለንደን ላይ የታየው የገጣሚው የቲ. ኤስ. ኤልየት ተውኔት ሲሆን፣ በእሱ ውስጥ ደም መላሾቹ በአንድ የእንግሊዝ ገጠር ባላባት ቤት መስኮት ላይ ብቅ ይላሉ። ጥንታዊው ቅጣት ሶፋና መጋረጃ ባለበት ሳሎን ሊገባ እንደሚችል ያሳየው ይህ ነው። ሁለተኛው የደብሊኑ የግሪክኛ ምሁር ደብልዩ. ቢ. ስታንፎርድ በ1942 ያሳተመው የኤስኪለስን የአጻጻፍ ስልት የሚመረምር ጥናት ነው። ቤከን ለአሥርተ ዓመታት በየቃለ መጠይቁ የሚደጋግማትን አንዲት ስንኝ ያገኘው ከዚያ ነው፤ ኤሪኒሶቹ ኦሬስቴስ የተደበቀበትን ሲያሸቱ የሚሉት ነው፦ «የሰው ደም ሽታ ይስቅልኛል።»

ስንኟን ረጋ ብሎ ማየት ይጠቅማል። ሽታ ለአፍንጫ ነው፤ ሣቅ ለዓይን ነው፤ ደም ሊያስፈራ ሲገባው እዚህ ያስደስታል። ሦስት የማይገናኙ ስሜቶች በአንድ ትንፋሽ ተገናኝተዋል፤ ማን እንደገደለ፣ ማን እንደሞተ አልተነገረም፤ ሰውነት ግን ደንግጧል። ቤከን በቀለም ሊሠራ የፈለገው ልክ ይህንን ነበር።

ይህን ከቀደመው ልማድ ጋር ማነጻጸር ቀላል ነው። ፈረንሳዊው ዊሊያም ቡግሮ በ1862 ኦሬስቴስ በኤሪኒሶች ሲሳደድ ሥሏል፦ ፀጉራቸው በእባብ የተጠላለፈ ሦስት ሴቶች፣ ጆሮውን የደፈነ ወጣት፣ ጩቤ ደረቷ ላይ የተሰካ እናት። የእጅ ሥራው እንከን የለውም፤ ታሪኩን የሚያውቅ ሁሉንም በስማቸው ይጠራቸዋል። ከዚያ በኋላ ግን የሚቀረው ነገር ጥቂት ነው። ቤከን በ1981 ለወዳጁ ለፈረንሳዊው ጸሐፊ ሚሼል ሌሪስ ሲጽፍ አጋሜምኖንን ወይም ክሊቴምኔስትራን መሣል እንደማይችል ገልጿል፤ እንደዚያ ቢያደርግ ሌላ የታሪክ ሥዕል ከመሆን አያልፍም። የሞከረው ታሪኩ በውስጡ የፈጠረውን ስሜት በምስል ማውጣት ነበር።

በመስቀሉ ሥር

በስቅለት ሥዕል፣ በእኛም አብያተ ክርስቲያናት ሆነ በአውሮፓውያኑ፣ ከመስቀሉ በአንድ ወገን ማርያም በሌላው ዮሐንስ ይቆማሉ። ቤከን በሐዘንተኞቹ ቦታ ያስቀመጠው ደም መላሾቹን ነው። ሃይማኖት ያልነበረው ሰው ስለሆነ ስቅለትን ይመለከት የነበረው የሰው ልጅ ስሜት ሁሉ ሊንጠለጠልበት የሚችል ማዕቀፍ አድርጎ ነው፤ እንዲህ ብሎም ተናግሯል። ማልቀስ በሚገባቸው ቦታ ደም የሚያሸቱ ሲቆሙ፣ ይቅርታ የሚባለው ነገር ከሥዕሉ ይወጣል። የ1944ቱ ሥራ ጭካኔ ከፍጡራኑ መልክ ይልቅ በዚህ የቦታ ለውጥ ውስጥ ያለ ይመስለናል።

ሦስት መሆናቸውም ከአምልኮ ሥዕል የመጣ ነው። በማጠፊያ ተያይዘው የሚከፈቱና የሚዘጉትን ባለ ሦስት ገጽ የእንጨት ሥዕሎቻችንን የሚያውቅ አንባቢ ቅርጹ አይጠፋውም። ልዩነቱ ቤከን ማጠፊያውን መተዉ ነው። እያንዳንዱን በየራሱ ፍሬም አስገብቶ በመካከላቸው የግድግዳ ክፍተት ይተዋል፤ ይህም ሦስቱ ተያይዘው አንድ ታሪክ እንዳይተርኩ ይከለክላል። ካታሎግ ውስጥ ሦስቱን አጣብቀው ሲያትሟቸው ሠዓሊው በዓላማ ያስቀመጠው ነገር ይጠፋል።

አፉ ከየት መጣ?

የሚጮኸው አፍ ሦስት የታወቁ ምንጮች አሉት። በ1927 ገደማ ፈረንሳይ ሳለ ሻንቲዪ በሚገኘው ቤተ መዘክር ኒኮላ ፑሳን የሣለውን የሕፃናቱን እልቂት አየ፤ እዚያ የምትጮኸው እናት አፍ ከአእምሮው አልወጣም። ፓሪስ ውስጥም ከአሮጌ መጻሕፍት ሻጭ ስለ አፍ በሽታዎች የሚያስረዳ፣ ሥዕሎቹ በእጅ ቀለም የተቀቡ የሕክምና መጽሐፍ ገዛ። ሦስተኛው የሶቪየቱ ፊልም ሠሪ የሰርጌይ አይዘንስታይን የ1925 ፊልም «የጦር መርከብ ፖተምኪን» ነው፤ መነጽሯ ተሰብሮ ፊቷ በደም የተለወሰ ነርስ ስትጮኽ የሚያሳየውን ፎቶ ስቱዲዮው ውስጥ ያኖር ነበር። አፍን ፈረንሳዊው ሠዓሊ ሞኔ የፀሐይ መጥለቅን እንደሣለው አድርጎ መሣል እመኝ ነበር ብሏል። ይህ ንግግር በቁም ነገር መወሰድ አለበት፤ አፉን ሲሥል ከፍርሃቱ እኩል የምራቁ ማብለጭለጭ፣ የድዱ ሐምራዊነትና የጥርሱ ንጣት ይማርኩት ነበር። የመካከለኛው ፍጡር ዓይን የታሰረበት ጨርቅ ደግሞ ከጀርመናዊው ማቲያስ ግሩነቫልድ «የክርስቶስ መዘበቻ መሆን» የተወሰደ እንደሆነ ይታመናል።

የሸራው ጀርባ

በ1944 ቤከን የተጠቀመው ሸራ አልነበረም። ከተጨመቀ የእንጨት ቃጫ የተሠራ ርካሽ የግንባታ ሰሌዳ ላይ በዘይት ቀለምና በፓስቴል ነው የሣለው። እንዲህ ያለ ሰሌዳ ቀለሙን እንደ ስፖንጅ ይመጥጣል፤ ዕድሜ ሲጨምር ይደርቃል፣ ጠርዙም በቀላሉ ይፈረፈራል። ፓስቴል ደግሞ ዱቄት ነው፤ በንዝረትም በንክኪም ይረግፋል። ይህን ሥራ ከቦታ ቦታ ማንቀሳቀስ የሙዚየም ጠባቂዎችን የሚያስጨንቀው ለዚህ ነው።

ትልቁ ለውጥ የመጣው በ1940ዎቹ መጨረሻ ነው። ለውጡን ለመረዳት ተራውን አሠራር ማስታወስ ያስፈልጋል። ሠዓሊ በተለምዶ ከተልባ ቃጫ የተሸመነ ጨርቅ በእንጨት ላይ ይወጥራል፣ ሙጫ ያጠጣዋል፣ ከላዩም ፕራይመር የሚባል ነጭ የመሠረት ቅብ ይቀባዋል። ሙጫው ዘይቱ ክሩን በቀጥታ እንዳይነካ ይከላከላል፤ ዘይት ሲደርቅ ክሩን ስለሚያከር ጨርቁ ከዓመታት በኋላ ተሰባሪ ይሆናል። ፕራይመሩ ገጹን ልሙጥ ስለሚያደርገው የተሳሳተ መስመር በጨርቅ ተጠርጎ እንደገና ሊጀመር ይችላል።

ቤከን ሞንቴ ካርሎ ሳለ ገንዘብ ጨርሶ አዲስ ሸራ መግዛት አቃተው። የተሣለባቸውን ሸራዎች ገልብጦ ፕራይመር ያልነካው ጀርባቸው ላይ ሠራ። ወደደውና ከዚያ በኋላ ሌላ አልፈለገም፤ ሻጮቹም ፕራይመር የተቀባው ወገን ወደ ኋላ ዞሮ እንዲወጠርለት አደረገ። ትልልቆቹ ሸራዎቹ ከ1960ዎቹ ጀምሮ በአብዛኛው ቁመታቸው 198፣ ወርዳቸው 147.5 ሴንቲ ሜትር ነው። ለፊት ሥዕል የሚጠቀምባቸው ትንንሾቹ 35.5 በ30.5 ናቸው።

ጥሬው ጨርቅ ላይ ቀለሙ ወዲያው ይጠጣል። ማጥፋት የለም፤ ቢፈገፈግ ወደ ክሩ ውስጥ ጠልቆ ያድፋል፣ ቢደረብበት ይደነድናል። ቤከን የሚወደው ይህንን አደጋ ነበር፤ የሚከስረውም በዚሁ ነበር። አንድን ምስል ለማሻሻል ሲገፋ ሲገፋ ቀለሙ ይታፈናል፣ የሽመናው ቀዳዳ ይደፈናል፣ ሥዕሉ ይሞታል። መመለሻ ስለሌለው ሸራውን በቢላ ይቀደው ነበር። ከሞተ በኋላ ስቱዲዮው ውስጥ 100 ያህል የተቀደዱ ሸራዎች ተገኝተዋል፤ ከብዙዎቹ ተቆርጦ የወጣው ፊቱ ያለበት ቦታ ነው።

በአንድ ሸራ ላይ ሁለት ዓይነት ቀለም ጎን ለጎን ይሄዳል። ሰፊውና ጠፍጣፋው መደብ ብዙ ጊዜ በአክሪሊክ (በውሃ በሚቀጥን ቀለም) ወይም ለቤት ግድግዳ በሚሆን ቀለም ይቀባል፤ አይብለጨለጭም፣ የብሩሽ ጭረትም አይታይበትም። አካሉ የሚሠራው በዘይት ቀለም ነው፤ ወፍራም፣ እርጥብና የተጠማዘዘ ነው። ሥጋው ከክፍሉ የተለየ ነገር መስሎ የሚታየው በሌላ ቁስ ስለተሠራ ጭምር ነው። ይህን መሞከር የሚፈልግ ሠዓሊ አንድ ነገር ይጠንቀቅ፦ አክሪሊክ በዘይት ቀለም ላይ ከተደረበ አይያያዝም፣ ውሎ አድሮ ይላላጣል። ሁለቱ ጎን ለጎን ይሁኑ፤ መደረብ ካለባቸውም ዘይቱ ከላይ ይሁን።

መሣሪያዎቹ ብሩሽ ብቻ አልነበሩም። ዘር ዘር ያለው የኮርዶሮይ ጨርቅና የሹራብ ቁራጭ ቀለም እየነከረ ፊቱ ላይ ይጫናል፤ ጉንጭ ላይ የሚታዩት ትይዩ መስመሮች የጨርቁ አሻራ ናቸው። ክብ ለመሣል የቆሻሻ በርሜል ክዳን ይጠቀም ነበር፤ ቀለም የሚቀላቅለው በስቱዲዮው ግድግዳና በር ላይ ነው። ከወለሉ ላይ ያፈሰውን አቧራ እርጥብ ቀለም ላይ በትኖ የልብስ ወይም የአሸዋ ገጽ ያወጣበታል፤ አቧራ ቀለሙ አይለቅም ብሎ ያምን ነበር። አንዳንዴም ነጭ ቀለም በመዳፉ ይዞ ይወረውራል። ውርወራው ግን ያላለቀ ሥዕልን ለማዳን ወይም ለመስበር የሚደረግ የመጨረሻ እርምጃ ነው። ከተበላሸ ቢላው አለ፤ ከሠመረ ይተወዋል። ውጤቱን መርጦ የሚያስቀረው ሠዓሊው ስለሆነ፣ ሁሉንም በዘፈቀደ የተሠራ ማለት ስሕተት ነው።

ቫርኒሽ፣ ማለትም ሥዕልን ከላይ የሚሸፍን ግልጽ ቅብ፣ አይቀባም፤ ጥሬ ሸራ ላይ ቫርኒሽ ቢፈስ ሰርጎ ያጠቁረዋልና። ቫርኒሽ የሌለው ሥዕል ግን ጥላሸትና አቧራ ይለብሳል፣ በውሃ ቢጠረግ ዳር ዳሩን የእድፍ መስመር ይቀርበታል። ሥራዎቹ ሁሉ በወርቃማ ፍሬምና በመስታወት ውስጥ እንዲቀመጡ አጥብቆ የሚጠይቀው በከፊል ለዚህ ነው። ሁለተኛ ምክንያትም ነበረው፤ መስታወቱ የተለያዩትን ገጾች አንድ ያደርጋል፣ በተመልካቹና በሥዕሉ መካከልም ርቀት ያበጃል። ጠፍጣፋ ግድግዳ፣ የተጠማዘዘ ሥጋ፣ በላዩም የቤተ መንግሥት ፍሬም ሲደረግለት ጭካኔው ሥርዓት ይለብሳል። የግሪኮቹ ተውኔትም እንዲሁ ነው፤ እጅግ አስከፊው ነገር የሚነገረው በተለካ ግጥም ነው።

የ1981ዱ ሥራ

«በኤስኪለስ ኦሬስቴያ የተነሣሣ ባለ ሦስት ሸራ» የተባለው ሥራ አፈ ታሪኩን በርዕሱ በግልጽ ከጠሩት ጥቂቶች አንዱ ነው። እያንዳንዱ ሸራ 198 በ147.5 ሴንቲ ሜትር ነው። በግራው ላይ የሌሊት ወፍ የሚያስታውስ ክንፋም ፍጡር በቀጭን መስመር በተሠራ ሣጥን ውስጥ ተንጠልጥሏል፤ ከአጠገቡ በር አለ፣ ከበሩ ሥር ደም ይፈሳል። በመካከለኛው አንገቱን የደፋ፣ የጀርባ አጥንቱ እየተቆጠረ የሚታይ አካል ከፍ ባለ መድረክ ላይ ቀይ ንጣፍ ተነጥፎለት ተቀምጧል። በቀኙ ላይ ከወገብ በታች ሰው የሆነ፣ ከዚያ በላይ ግን ምንነቱ የማይለይ አካል በጨለማ በር ፊት እግሩን አንሥቷል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ስም በማደል ነው፤ ግራው ኤሪኒስ፣ መካከለኛው አጋሜምኖን፣ ቀኙ ኦሬስቴስ ይባልና ነገሩ ያለቀ ይመስላል። ቀዩ ንጣፍ የክሊቴምኔስትራን ግምጃ ማስታወሱ አያጠራጥርም፤ ነገር ግን የተቀመጠው አካል ራስ የለውም ማለት ይቻላል፣ የሚታወቅበት አንድም ምልክት የለውም። ከስሙ ይልቅ በሮቹን ማየት ይሻላል። በኤስኪለስ ተውኔት ግድያ በተመልካች ፊት አይፈጸምም። ከቤቱ በር ኋላ ጩኸት ይሰማል፤ በሩ ሲከፈት ሬሳው ይታያል። ቤከን የወሰደው ይህን አሠራር ነው። በግራው ሸራ ግድያውን አናይም፤ የምናየው ከበሩ ሥር ያመለጠውን ደም ነው። በመካከለኛው ደግሞ በሩ ተከፍቶ የወጣው ነገር መድረክ ላይ ቀርቧል። ይህ የእኛ ንባብ ነው፤ ነገር ግን ለመድረኩም ለበሮቹም ምክንያት ይሰጣል፣ ስም ማደል ግን አይሰጥም።

ስለ ቀጭኑ ሣጥን፦ እስር ቤት ነው፣ የመስታወት ችሎት ነው የሚሉ ትርጓሜዎች በዝተዋል። ቤከን የሰጠው ማብራሪያ የባለሙያ ነው፤ ትልቁን ሸራ ለማጥበብና ዓይን ምስሉ ላይ እንዲያርፍ ለማድረግ ነው ያሰመርኩት ብሏል። ሣጥኑን በጣት ሸፍኖ ቢታይ ፍጡሩ በሰፊው መደብ ላይ ተንሳፍፎ ክብደቱን ያጣል።

ሥራው ለብዙ ዓመታት ኦስሎ በሚገኘው የአስትሩፕ ፈርንሊ ሙዚየም ነበር። በሰኔ 2020 ሶዝቢስ ባካሄደው ጨረታ 84.6 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተሸጧል።

ኤሪኒሶቹ ለምን ተመለሱ?

በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ደም መላሾቹ ብዙም አይታዩም። ከ1971 በኋላ ግን ደጋግመው ይመጣሉ። በዚያ ዓመት ጥቅምት 24 ቀን፣ ቤከን በፓሪሱ ግራን ፓሌ ታላቁን ትዕይንቱን ሊከፍት ሁለት ቀን ሲቀረው፣ የቅርብ ወዳጁ ጆርጅ ዳየር በሆቴል መታጠቢያ ክፍል ሞቶ ተገኘ። መታጠቢያ ቤት፣ ሞት፣ ጥፋተኝነት፣ የማይለቅ አሳዳጅ፤ ከኦሬስቴያ ጋር ያለው መመሳሰል ዓይን ያወጣ ነው። ቢሆንም ሁሉንም በዳየር ሞት መተርጎም ደካማ መንገድ ነው። ኤሪኒሶቹ የተሣሉት ሁለቱ ከመተዋወቃቸው ከሃያ ዓመት ገደማ በፊት ነው። ሞቱ ለአሮጌ ምስል አዲስ ምክንያት ሰጠው ቢባል ይቀርባል።

በ1976ቱ ባለ ሦስት ሸራ ሥዕል ከኤሪኒሶቹ ጋር በግሪክ አፈ ታሪክ በአማልክት የተቀጣውን የፕሮሜቴዎስን ጉበት የሚበላውን አሞራ የሚያስታውስ ወፍ ታክሏል፤ ይህም በ2008 በ86.3 ሚሊዮን ዶላር ተሸጦ በጊዜው የቤከን ሥራዎች ውድ ዋጋ ሆኖ ነበር። በ1983 ደግሞ ኤዲፐስን፣ ማለትም ሳያውቅ አባቱን ገድሎ እናቱን ያገባውን የግሪክ አፈ ታሪክ ሰው፣ እንቆቅልሽ ከምትጠይቀው ጭራቅ ከስፊንክስ ጋር ሣለ፤ መነሻው ፈረንሳዊው አንግር በ1808 የሣለውና ሉቭር የሚገኘው ሥዕል ነው። አንግር ኤዲፐስን አንድ እግሩን ድንጋይ ላይ አድርጎ እንቆቅልሹን ሲፈታ አሳይቶታል። ቤከን አቋሙን ጠብቆ እግሩን በደማ ፋሻ ጠቀለለው፤ በስተኋላ ባለው በርም ኤሪኒስ አስገባ። ኤዲፐስ በሕፃንነቱ ቁርጭምጭሚቱ ተበስቶ እንደተጣለ ለሚያውቅ፣ እንቆቅልሹን ሲመልስ ቁስሉ ዳግም እንደተከፈተ ይገባዋል። በሩ ላይ ያለው ፍጡር በኋላ የሚመጣውን ጥፋት አስቀድሞ አሽትቷል። አፈ ታሪክን ከተጠቀመባቸው ሥዕሎቹ ሁሉ ለጀማሪ ተመልካች የሚቀለው ይህ ነው፤ ሊዝበን ውስጥ በቤራርዶ ስብስብ ይገኛል።

በ1988 ወደ መጀመሪያው ተመለሰ። የ1944ቱን ሦስት ፍጡራን በትልቁ የሸራ መጠን ደገማቸው፤ ብርቱካናማው መደብ ወደ ጥልቅ ቀይ ተለወጠ፣ ፍጡራኑ ከሸራው አንጻር አነሱ፣ በዙሪያቸው ሰፊ ባዶ ቦታ ተፈጠረ። በ1991 ለቴት በስጦታ ሰጠው። አንዳንዶች ከመጀመሪያው ይበልጣል ይላሉ። በአሠራር ጥራት እውነት ነው፤ ጠርዙ ንጹሕ፣ መደቡ ልስልስ ነው። ነገር ግን የ1944ቱ ፍጡራን ሰሌዳቸው ጠቧቸው ሊወጡ የሚታገሉ ይመስላሉ፤ የ1988ቶቹ ለመታየት ተቀምጠዋል። እኛ የመጀመሪያዎቹን እንመርጣለን።

ሲያዩት

ከስልክ ስክሪን ላይ ጥሬው ሽመናና የደነደነው ቀለም አንድ ይሆናሉ፤ በአካል ማየት የሚመረጠው ለዚህ ነው። መስታወቱ የተመልካቹን መልክና የአዳራሹን መብራት ያንጸባርቃል፣ በተለይ ጥቁር መደብ ላይ። ፊት ለፊት ከመቆም ወደ አንድ ጎን ሁለት እርምጃ ፈቀቅ ማለት ነጸብራቁን ይቀንሰዋል። መጀመሪያ ሦስቱን በአንድ ጊዜ ለማየት እስከሚያስችል ራቅ ብሎ፣ ከዚያ የአንዱ ሽመና እስኪለይ ድረስ ቀርቦ ማየት ጥሩ ነው። ከቅርብ ሲታይ አፉ አፍ መሆኑ ይቀርና ጥቂት የነጭና የሐምራዊ ቀለም ግፊት ብቻ ይሆናል።

አሠራሩን መመርመር የሚፈልግ ደግሞ ደብሊን ይሂድ። ቤከን ከ1961 ጀምሮ እስከ ሞቱ የሠራበት ለንደን ሪስ ሚውስ ቁጥር 7 የነበረው ጠባብ ስቱዲዮ በ1998 ለሂው ሌን ጋለሪ ተሰጥቶ፣ አርኪዮሎጂስቶች የእያንዳንዱን ነገር ቦታ ከመዘገቡ በኋላ በሩ፣ ግድግዳውና አቧራው ሳይቀር ተነቅሎ ሄደ። በ2001 ለሕዝብ ተከፈተ። ከ7,000 በላይ ዕቃዎች ተመዝግበዋል፤ ከእነሱ ውስጥ 570 ያህል መጻሕፍት፣ 1,500 ያህል ፎቶግራፎችና 70 ያህል በእርሳስና በቀለም የተሠሩ ንድፎች አሉ። ቤከን በሕይወት ሳለ ንድፍ አልሠራም እያለ ነበር የሚናገረው።